አዲስ የኋላ መብራት ከተገጠመ በኋላ የፍሬን መብራት ሲያስቸግር፦ ጥፋቱን ፈልጎ የማግኛ መመሪያ

የኋላ መብራት ተቀይሮ ፍሬን ሲረገጥ መብራቱ ካልበራ፣ ወይም በርቶ ሌላውን ካመሰቃቀለ፣ ከሁሉ በፊት ማስታወስ ያለብዎት ከመቀየሩ በፊት ይሠራ እንደነበር ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እጅ በነካው ቦታ ነው፦ ሶኬቱ ላይ፣ ማሳው ላይ፣ አምፖሉና አምፖል ቤቱ ላይ፣ አለዚያም በሥራው መሃል በተቃጠለ ፊውዝ ላይ። የፔዳሉን ስዊች (ፍሬን ሲረገጥ መብራቱን የሚያበራውን) መፍታት የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ከእሱ ይጀምርና ደህናውን ዕቃ ያበላሻል።

እዚህ ማሳ የምንለው ከመብራቱ ወጥቶ በመኪናው ላሜራ በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰውን መስመር ነው፤ ግራውንድ የሚሉትም አሉ። ሶኬት ከመኪናው በሚመጣው የሽቦ እቅፍ ጫፍ ያለው ማያያዣ ነው። አምፖል ቤት ደግሞ አምፖሉ የሚሰካበት።

ጥገናው ሳያልቅ መኪናውን ይዘው መንገድ አይውጡ። ከኋላ የሚመጣው ሰው ፍሬን መያዝዎን የሚያውቀው በዚህ መብራት ነው። መውጣት ግድ ከሆነ አሮጌውን መብራት መልሰው ይግጠሙ፤ ስለዚህም አሮጌውን አይጣሉ። ከታች እንደሚታየው ለምርመራውም ከመልቲሜትሩ (ከቮልት መለኪያው) ያላነሰ ይጠቅማል።

ለሥራው የሚያስፈልግ

መልቲሜትር፤ 12 ቮልት 21 ዋት አምፖል ከነአምፖል ቤቱ፣ አንድ አንድ ሜትር የሚሆኑ ሁለት ሽቦዎች የተያያዙበት፤ ከባትሪው እስከ መኪናው ኋላ የሚደርስ ረጅም ሽቦ፤ የአሸዋ ወረቀት፤ የሽቦ ብሩሽ፤ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ሽቦ፤ የቀለበት ተርሚናል፤ ሲሞቅ የሚኮማተር ቱቦ፤ ለመኪናው የተፈቀደው ልክ ያለው ትርፍ ፊውዝ። ፔዳሉን ረግጦ የሚይዝልዎት ሰው ከሌለ ከመቀመጫው ጫፍ እስከ ፔዳሉ የሚደርስ እንጨት ይበቃል።

ሞተሩ ጠፍቶ የባትሪውን ቮልት ይለኩና ይጻፉት። ደህና ባትሪ ከ12.4 እስከ 12.7 ገደማ ያሳያል። ከዚህ በኋላ የሚለኩት ሁሉ የሚነጻጸረው ከዚህ ቁጥር ጋር ነው።

መጀመሪያ ምልክቱን ያንብቡ

ምንም ነገር ሳይፈቱ ፍሬኑን እየረገጡ የሚሆነውን ይመልከቱ። አንዴ የፓርኪንግ መብራት ጠፍቶ፣ አንዴ በርቶ። ምልክቱ በትክክል ከተነበበ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ሦስቱም የፍሬን መብራቶች ካልበሩ (የግራው፣ የቀኙና መሃል ላይ ከፍ ብሎ ያለው) ፊውዙን ይዩ። አውቶማቲክ ማርሽ ባለው መኪና ማርሹ ከፒ (ከማቆሚያው ቦታ) አልወጣም ካለ ይኸው ምልክት ይጠናከራል፤ በብዙ መኪና የማርሹ መቆለፊያ የሚከፈተው ከፍሬን ስዊቹ በሚመጣው ምልክት ነውና።

የመሃሉ በርቶ የታችኞቹ ሁለቱ ካልበሩ ስዊቹ ይሠራል ማለት ነው፤ አይንኩት። ችግሩ ከኋላ ነው። አንድ ጎን ብቻ ካልበራ ደግሞ የዚያኑ ጎን ሶኬት፣ ማሳና አምፖል ቤት ይፈትሹ።

ፍሬን ሲረገጥ የፓርኪንግ መብራቱ ወይም የዳሽቦርዱ መብራት አብሮ ደብዘዝ ብሎ ከበራ፣ ወይም ፓርኪንጉ በርቶ ሳለ ፍሬን ሲረገጥ ያ ጎን ጭራሽ ከጠፋ፣ ማሳው ተቋርጧል። ይህ ምልክት ሰውን ስለሚያደናግር ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። የፍሬንና የፓርኪንግ ሥራ የሚሠራ አምፖል ውስጡ ሁለት ክር አለው፤ አንዱ 21 ዋት፣ ሌላው 5 ዋት። ሁለቱ ክሮች የሚመለሱት በአንድ ማሳ ነው። ማሳው ሲቆረጥ ወደ ፍሬኑ ክር የገባው ኤሌክትሪክ መውጫ ያጣና በ5 ዋቱ ክር በኩል ወደ ፓርኪንግ መስመር ይሻገራል። እዚያም በታርጋው መብራት፣ በሌላው ጎን አምፖልና በዳሽቦርዱ መብራት በኩል ማሳ ያገኛል። የማይገናኙት መብራቶች አብረው የሚበሩት በዚህ የተነሳ ነው። ፓርኪንጉ አስቀድሞ በርቶ ከነበረ ደግሞ የሁለቱ ክሮች መግቢያ እኩል 12 ቮልት ይሆናል፤ በመካከላቸው ልዩነት ስለሌለ ምንም አያልፍም፣ አምፖሉም ይጠፋል።

ፓርኪንጉ ሲበራ እንደ ፍሬን መብራት ደምቆ፣ ፍሬን ሲረገጥ ግን ትንሽ ብቻ የሚጨምር ከሆነ ሁለቱ ሽቦዎች ተለዋውጠዋል። ለማረጋገጥ ፓርኪንጉን አጥፍተው ፍሬን ብቻ ይርገጡ፤ ደብዛዛ ብርሃን ካዩ ጥርጣሬው ልክ ነው።

ፍሬኑ ሳይረገጥ መብራቱ አልጠፋም ካለ የስዊቹን ሶኬት ይንቀሉ። ከጠፋ ችግሩ ስዊቹ ጋ ነው። ካልጠፋ ከኋላ አንድ ቦታ ላይ ከሌላ መስመር ኤሌክትሪክ እየገባበት ነው።

1ኛ. አሮጌውን መብራት መልሰው ይሰኩ

የመኪናው ሶኬት ካልተቆረጠ አሮጌውን መብራት ሳያስሩ እዚያው ሰክተው ፍሬን ይርገጡ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ነው፤ የሚሰጠው መልስ ግን ቁርጥ ያለ ነው። አሮጌው ከሠራ የመኪናው ሽቦ፣ ፊውዝና ስዊች ሁሉ ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ አዲሱ መብራት ውስጥ ወይም አብሮት በመጣው ማገናኛ ሽቦ ላይ ነው። አሮጌውም ካልሠራ አዲሱን መብራት መፈታታት ትርፉ ድካም ነው።

ሶኬቱ ተቆርጦ ሽቦ ለሽቦ ተያይዞ ከሆነ ይህ ሙከራ አይሆንም፤ ወደ 3ኛው ደረጃ ይለፉ። ወደፊት ለሚሠሩት ግን፣ ማገናኛ ሽቦ እያለ የመኪናውን ሶኬት አይቁረጡ።

2ኛ. ፊውዙን ይፈትሹ

የፍሬን መብራት ፊውዝ በብዙ መኪና 10 ወይም 15 አምፔር ነው። አውጥተው በዓይን ብቻ ሳይሆን በመልቲሜትር ይፈትሹት። ከተቃጠለ በልኩ ይተኩ፤ ከፍ ያለ ፊውዝ ማስገባት ቃጠሎውን ከፊውዙ ወደ ሽቦው ማዛወር ነው።

አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ፊውዝ መጨረስ አያስፈልግም። የኋላ መብራቶቹን ሁሉ፣ የመሃሉንም ጨምሮ፣ ከሶኬታቸው ይንቀሉ። የ21 ዋቱን አምፖል ሁለት ሽቦዎች ፊውዙ በተነቀለበት ቦታ በሁለቱ እግሮች ላይ ያድርጉና ፔዳሉን በእንጨት ያስይዙ። አምፖሉ ደምቆ ከበራ መስመሩ ላሜራ ነክቷል። ከዚያ በኋላ ሽቦውን ከኋላ ጀምረው እያነቃነቁ ይሂዱ፤ አምፖሉ የሚጠፋበት ወይም የሚርገበገብበት ቦታ ላይ ጥፋቱ አለ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው መብራቱ ሲታሰር በላሜራ ጠርዝ የተቆነጠጠ ሽቦ ነው። መብራቶቹ ተነቅለው ሳለ አምፖሉ ካልበራ ግን ሾርቱ (መስመሩ ከማሳ ጋር የተነካካበት ቦታ) አዲሱ መብራት ውስጥ ነው፤ መብራቶቹን አንድ በአንድ እየሰኩ አምፖሉን የሚያበራው የትኛው እንደሆነ ይለያሉ። ደህና መብራትም ቢሆን አምፖሉን ትንሽ ሊያበራው ይችላል፤ የሚፈለገው በሙሉ ድምቀት የሚያበራው ነው።

በኮምፒውተር በሚታዘዝ የመብራት መስመር ፊውዙ ሳይቃጠል ኮምፒውተሩ ራሱ መስመሩን ሊዘጋ ይችላል። ሾርቱ ከተነሳ በኋላም ቁልፉን ዘግቶ መክፈት፣ ካልሆነም የስህተት ኮዱን በመመርመሪያ መሣሪያ ማጥፋት ያስፈልጋል።

3ኛ. በመኪናው ሶኬት ላይ ይለኩ

በሽቦ ቀለም አይመኑ። አዲሱን መብራት የሠራው ፋብሪካ የመረጠው ቀለም ከመኪናው ጋር ላይገናኝ ይችላል፤ ጥቁር የሆነ ሁሉ ማሳ አይደለም። በጀርመን መኪኖች ማሳ የተለመደው ቡናማ ሲሆን በብዙ ቶዮታዎች ደግሞ ጥቁር መስመር ያለበት ነጭ ነው። ቀለም የሚያገለግለው ከተለካ በኋላ ለማስታወሻ ነው።

መልቲሜትሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉ። ጥቁሩን መፈተሻ በረጅሙ ሽቦ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ያገናኙ፤ አጠገብዎ ያለ ብሎን ላይ አያድርጉት፣ ራሱ የተጠረጠረው ማሳ እሱ ሊሆን ይችላል። ከዚያ፦

ሀ. ሁሉም ነገር ጠፍቶ እያንዳንዱን እግር (የሶኬቱን የብረት ጫፍ) ይንኩ። ቮልት ያለው እግር መኖር የለበትም።

ለ. ፓርኪንግ ብቻ ያብሩ። 12 ቮልት አካባቢ ያሳየው የፓርኪንግ እግር ነው።

ሐ. ፓርኪንጉን አጥፍተው ፍሬን ያስረግጡ። አሁን ያሳየው የፍሬን እግር ነው።

መ. ፍሬቻና የኋላ ማርሽ በየተራ።

ሠ. ማሳውን ለማግኘት ጥቁሩን መፈተሻ ወደ ሶኬቱ፣ ቀዩን ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ያዛውሩ። የባትሪውን ሙሉ ቮልት የሚያሳየው ማሳ ነው። ሌሎቹም እግሮች በአምፖሎች በኩል ተመልሰው ቮልት ሊያሳዩ ስለሚችሉ ይህን ሲያደርጉ መብራቶቹ ከሶኬት የተነቀሉ ይሁኑ።

ያገኙትን በወረቀት ይሳሉ፤ ከአዲሱ መብራት ጋር የመጣውን ሥዕል አጠገቡ አድርገው ያመሳክሩ። በዘመናዊ መኪና የፓርኪንጉ እግር 4 ወይም 6 ቮልት ቢያሳይ አይደንግጡ። ኮምፒውተሩ ወደ አንዱ አምፖል የሚሄደውን ኤሌክትሪክ እያቆራረጠ ለፓርኪንግ ደብዘዝ፣ ለፍሬን ሙሉ አድርጎ ያበራዋል፤ መልቲሜትሩም የሚያሳየው አማካዩን ነው።

4ኛ. ሸክም አሸክመው ይፈትሹ

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መልቲሜትር ከሽቦው የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከቁጥር የማይገባ ነው። አንድ ክር ብቻ የቀረው የተበጣጠሰ ሽቦም ቢሆን 12.5 ቮልት አሳይቶ ያታልላል፤ አምፖል ሲሰካበት ግን ይወድቃል። 21 ዋት አምፖል ወደ 1.75 አምፔር ይፈልጋል።

ስለዚህ የ21 ዋቱን አምፖል በሶኬቱ የፍሬን እግርና የማሳ እግር መካከል ያድርጉና ፍሬን ያስረግጡ። ደምቆ ሊበራ ይገባል። እንደበራ ሁለት ልኬት ይውሰዱ። በአምፖሉ ሁለት ጫፎች ላይ ያለው ቮልት በዚያው ጊዜ ከባትሪው ላይ ከሚለካው ከግማሽ ቮልት በላይ ማነስ የለበትም። ቀጥሎ አንዱን መፈተሻ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በሶኬቱ የማሳ እግር ላይ ያድርጉ፤ ከ0.2 ቮልት በታች ካሳየ ማሳው ደህና ነው። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ጥፋቱን አግኝተዋል።

መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የኋላ መብራቱ ኤልኢዲ (ያለ ክር የሚበራ፣ ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚወስድ መብራት) ከነበረ ይህን የአምፖል ሙከራ ይዝለሉት፤ መስመሩ ለዚያን ያህል ሸክም የተሠራ ላይሆን ይችላል።

ማሳው ደህና ሆኖ የፍሬኑ መስመር ቮልት ካነሰ ሽቦውን ወደ ፊት ይከተሉት። መብራቱ የኋላ ክዳኑ ላይ ከሆነ በማጠፊያው በኩል የሚያልፈውን የጎማ ቱቦ ገልጠው ይዩ። ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦው እዚያ ይተጣጠፋል፤ ሽፋኑ ደህና እየመሰለ መዳቡ ውስጡ ይበጠሳል። አምፖሉ በርቶ ሳለ ቱቦውን ሲያነቃንቁ ብርሃኑ ከተለዋወጠ ጥፋቱ እሱ ነው።

5ኛ. ማሳውን በደንብ ይሥሩ

የመብራቱ ማሰሪያ ብሎን ማሳ ይሆናል ብለው አያስቡ። ብዙ ጊዜ ብሎኑ የተተከለው በመብራቱ ፕላስቲክ ውስጥ ነው፤ ላሜራውን ቢነካም ከአምፖሉ ጋር አይገናኝም። ባምፐርም ቢሆን ፕላስቲክ ነው።

ከአካሉ ጋር የተበየደ ላሜራ ላይ የቀለበት ተርሚናሉን የሚያክል ቦታ ይምረጡና ቀለሙን ባዶ ብረት እስኪታይ ይፋቁ። ተርሚናሉን ከሽቦው ጋር በደንብ ጨምቀው፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ጨምረው በብሎን ያጥብቁ። ካጠበቁ በኋላ፣ ከማጥበቅዎ በፊት አይደለም፣ ዙሪያውን ግሪስ ይቀቡ፤ የተፋቀ ብረት ካልተሸፈነ በጥቂት ወራት ይዝግና ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። ግራና ቀኙ የየራሳቸው ማሳ ቢኖራቸው ይሻላል።

ሽቦ የሚያያይዙበትንም መንገድ ይምረጡ። በላዩ ተጨፍልቆ የሚቆልፍ የፕላስቲክ ቅርንጫፍ ማውጫ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ምላጩ የመዳብ ክሮችን ይቆርጣል፣ ውሃም ይገባዋል፣ ውስጡም አረንጓዴ ይሆናል። በቆርቆሮ በይዶ በሚኮማተር ቱቦ መሸፈን፣ ወይም በትክክለኛ መጨመቂያ የታሰረ ማያያዣ መጠቀም ይሻላል። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለመኪና ኋላ፣ ለዚያ ሁሉ ውሃና ንዝረት፣ አይሆንም።

6ኛ. አምፖሉና አምፖል ቤቱ

ባለ ሁለት ክሩ 1157 የሚባለው አምፖል ጎንና ጎኑ ያሉት ጆሮዎች ቁመታቸው ይለያያል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገባ ነው። ባለ አንድ ክሩ 1156 ግን ጆሮዎቹ እኩል ናቸው፣ ከታች ያለውም ነጥብ አንድ ነው። በኃይል ተጭኖ በሁለት ክር ቤት ከገባ ነጥቡ የፍሬኑንና የፓርኪንጉን መስመር ያገናኛል፤ ከዚያ ፓርኪንግ ሲበራ የፍሬን መብራት፣ ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ ፓርኪንጉ ሁሉ ይበራል።

7443 የሚባለው መቀመጫው ጠፍጣፋ የሆነው ዓይነት ነው። ባለ ክሩ አምፖል በፈለገው አቅጣጫ ቢገባ ግድ የለም። ኤልኢዲው ግን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይለያል፤ ካልበራ አውጥተው ዞር አድርገው ይሰኩት። የማሳ እግሮቹ ቦታ የተለየ የሆነ የአምፖል ቤት ዓይነትም አለ፤ ለአንዱ የተሠራ ኤልኢዲ በሌላው ሲገባ ሾርት ይፈጥራል። ኤልኢዲ እንደገባ ፊውዝ ከተቃጠለ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ።

ቀይ መስታወት ውስጥ የሚገባ ኤልኢዲ ቀይ ይሁን። ነጩ አብዛኛው ብርሃኑ በመስታወቱ ይዋጣል። ጥቁር ያዘለ መስታወት ወይም ላስቲክም ያው ነው፦ ሽቦው ሁሉ ትክክል ሆኖ በጠራራ ፀሐይ የፍሬን መብራቱ አይታይም። መብራት ሲገዙ መስታወቱ ላይ በክብ ውስጥ ኢ ፊደልና ቁጥር የታተመበትን ዓይነት ይፈልጉ፤ ብርሃኑ ተለክቶ የጸደቀ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው።

7ኛ. የፍሬንና የፍሬቻ አሠራር ሳይጣጣም ሲቀር

በብዙ የአውሮፓና የጃፓን መኪና ፍሬቻው ለብቻው፣ የፍሬኑ መብራት ለብቻው ነው። በብዙ የአሜሪካ መኪና ግን አንዱ ቀይ አምፖል ሁለቱንም ይሠራል፤ የፍሬኑ መስመር በፍሬቻው ማንሻ በኩል አልፎ ነው ወደ ኋላ የሚሄደው። የአንዱን ዓይነት መብራት ለሌላው የሚገጥም ሰው ብዙ ጊዜ ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ላይ ያስራቸዋል። ያን ጊዜ ፍሬን ሲረገጥ የፊት ፍሬቻ ጭምር ቀጥ ብሎ ይበራል፤ ፍሬቻ ሲሰጥም የመሃሉ የፍሬን መብራት አብሮ ይርገበገባል። መፍትሔው ሁለቱን ምልክቶች የሚያጣምር ወይም የሚለይ መቀየሪያ ሞጁል በመካከል መግጠም ነው። ሽቦ በማሰር አይታለፍም።

ኤልኢዲ ከተገጠመ በኋላ ፍሬቻው ከቸኮለ ጥፋት የለበትም፤ የሚወስደው ኤሌክትሪክ በማነሱ ፍላሸሩ (ፍሬቻውን የሚያርገበግበው ዕቃ) አምፖል የተቃጠለ መስሎት ነው። ለኤልኢዲ የተሠራ ፍላሸር መተካት ይሻላል። ፍላሸሩ የማይለወጥ ከሆነ በእያንዳንዱ ጎን 6 ኦም 50 ዋት ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ በልቶ የአምፖሉን ሸክም የሚተካ ዕቃ) ከፍሬቻው ሽቦ ወደ ማሳ ይገናኛል። በ13.8 ቮልት 2.3 አምፔር አካባቢ ያሳልፋል፤ ይህ 32 ዋት ገደማ ሙቀት ነው፣ ፕላስቲክ ያቀልጣል። ላሜራ ላይ በብሎን ይታሰር እንጂ ከሽቦ ጋር በናስትሮ አይጠቅለል። በፍሬኑ መስመር ላይ ግን መኪናው አምፖል ተቃጠለ የሚል ማስጠንቀቂያ ካላወጣ በስተቀር ሬዚስተር አያስገቡ፤ የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ፍሬኑ ለደቂቃዎች ስለሚረገጥ ሬዚስተሩ ያለ ዕረፍት ይግላል።

8ኛ. የፔዳሉ ስዊች

እስከዚህ ድረስ ምንም ካልተገኘ፣ ወይም ፊውዙ ደህና ሆኖ ሦስቱም መብራት ካልበራ፣ አሁን ከፔዳሉ በላይ ያለውን ስዊች ይዩ። በቀላሉ ባለ ሁለት ሽቦ ስዊች አንዱ እግር ሁልጊዜ 12 ቮልት አለው፤ ሌላው የሚያገኘው ፍሬን ሲረገጥ ነው። መብራቱ ፔዳሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንደወረደ መብራት፣ ሲለቀቅ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። አልጠፋም ካለ በፔዳሉ ክንድ ላይ ስዊቹን የሚገፋው ትንሽ የፕላስቲክ ወይም የጎማ መደገፊያ ተሰባብሮ ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ ስብርባሪው ወለሉ ምንጣፍ ላይ ይገኛል። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ሳይስተዋል ካደረ ግን ባትሪ ይጨርሳል።

9ኛ. ከማሰርዎ በፊት የመጨረሻው ፍተሻ

መብራቶቹን ሰክተው ሳያስሩ ይፈትኑ፤ መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀጥሎ ተነስቶ። ሁሉም ጠፍቶ ጨለማ። ፓርኪንግ ብቻ። ፍሬን ብቻ። ፓርኪንግ ከፍሬን ጋር፣ ልዩነቱ ከ20 እርምጃ ያህል ርቀት በግልጽ መታየት አለበት። ፍሬን ተረግጦ ግራ ፍሬቻ፣ ከዚያ ቀኝ፣ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ። የኋላ ማርሽ። በእያንዳንዱ ጊዜ ዳሽቦርዱን፣ የፊት መብራቱንና የታርጋውን መብራት ጭምር ይመልከቱ፤ የተሻገረ መስመር ራሱን የሚያሳየው እዚያ ነው።

ፔዳሉን በእንጨት አስይዘው 10 ደቂቃ ይተዉት፤ ከዚያ ሶኬቶቹንና ማያያዣዎቹን በእጅዎ ይዳስሱ። ከሌሎቹ የበለጠ የሞቀ ቦታ ካለ ያ ግንኙነት ላልቷል፣ ፈትተው ይሥሩት። ባለ ክር አምፖል ራሱ ስለሚግል እሱን አይንኩ። ክዳኑን ደጋግመው ይክፈቱ፣ ይዝጉ። ሽቦዎቹ በላሜራ ጠርዝ እንዳይቆነጠጡ አስተካክለው፣ የጎማ ማሸጊያው ሳይታጠፍ በቦታው መቀመጡን አይተው መብራቱን ይሰሩ፤ ዳዶዎቹን በየተራ በእኩል ያጥብቁ፣ አንዱን ጎን ብቻ ማጥበቅ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል። በመጨረሻም ውሃ በላዩ አፍስሰው ክዳኑን ይክፈቱና የውስጠኛውን ላሜራ በደረቅ ጨርቅ ይሞክሩት። ጨርቁ ከረጠበ ማሸጊያውን እንደገና ያስቀምጡ።